መረሬ ላይ የተነጠፈው የፕላስቲክ ሣር

ሸምሲያ እጇን ስትታጠብ ያያት ሰው ሐኪም ትመስለዋለች። መጀመሪያ እስከ ክርኗ ድረስ ትፈገፍጋለች፤ ቀጥላ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ በስንጥር ታጸዳለች፤ በመጨረሻ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸታለች። ሽታ ካገኘች እንደገና ትጀምራለች። እሷ ግን ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ በመንገዱ ዳር ባለ የግንብ አጥር ሥር፣ ችግኝ እያፈላች የምትሸጥ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። አፈር አትጸየፍም። ፍግ በእጇ ታሻለች፣ ትል በጣቷ አንሥታ ወደ ሌላ የችግኝ ቆርቆሮ ታዛውራለች። የምትጸየፈው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለመንገር ወደ ኋላ ሃያ ስምንት ዓመት መሄድ ያስፈልጋል።

በሃያ ዓመቷ ከስልጤ ተነሥታ፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አንዲት የዓረብ የባሕር ጠረፍ ከተማ ሄደች። የከተማዋን ስም አትጠራም። “እዚያ” ትላለች፣ በቃ። እዚያ ዝናብ የለም፤ አየሩ ግን እርጥብ ነው። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ያቅታታል። በረሃ ሲባል ሁሉም ደረቅ ነገር ያስባል፤ የዚያ አገር በረሃ ግን ያልበዋል። ጠዋት በር ሲከፈት አየሩ እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ ፊት ላይ ያርፋል። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ ጨው ለብሶ፣ እንደ ረጠበ ይነሣል። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ሻግቶ ጢም ያወጣል። ላቡ አይደርቅም። በጡት ሥር፣ በጉልበት እጥፋት፣ በአንገት ዙሪያ ይተኛል፤ ቆዳውን ያቆስላል፤ ከዚያ ይሸታል። ሸምሲያ የገዛ ገላዋ የሌላ ሰው መስሎ የሸተታት እዚያ ነው።

የቤቱ አትክልተኛ አንድ ቀን ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ አሠሪዋ ማዳም የግቢውን አትክልት በእሷ ላይ ጨመረችው። ሸምሲያም ሳትወድ ተማረች። ባሕሩ ሌሊቱን በነፋስ ጨው ይልካል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ቅጠሉ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ጠርዙ እሳት እንደነካው ወረቀት ይጠቁራል። ከማጠጫ ጎማው መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ፀሐይ አግላው ሥር ስለሚያቃጥል ፈስሶ እስኪበርድ ይጠበቃል። ዛፍ የሚተከለው እንደ ሳሕን በጎደጎደ መሬት ውስጥ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከሥሩ እንዳታመልጥ። በላዩ ላይ ፀሐይ ውሃውን እንዳትጠጣው ነጭ ጠጠር ይለብሳል።

ከሁሉ የከፋው ሣሩ ነበር። የፕላስቲክ ሣር ነው፤ የማዳም ሦስት ድመቶች ይሸኑበታል። አፈር ቢሆን ጠጥቶ ይረሳው ነበር፤ ፕላስቲክ ግን አይጠጣም፣ አይረሳም። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ማታ እርጥበቱ ይዘፈዝፈዋል፣ ጠዋት ሸምሲያ ተንበርክካ በአቼቶና በብሩሽ ትፈገፍገዋለች። ከሣሩ የሚነሣው እንፋሎት ዓይኗን ያስለቅሳታል፣ ጉሮሮዋ ላይ ይለጠፋል፤ ምሳ ስትበላ ሩዙ እሱን እሱን ይላታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር። ጉልበቶቿ እስከ ዛሬ እንደ ተረከዝ የጠነከሩ ናቸው።

አገሯ በተመለሰች ማግስት እህቷ ቤት ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። አንሥታ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ምንም አይሸትም። እዚያው ገመዱ ሥር ቆማ ረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እህቷም አንድ ሰው የሞተባት መስሏት ደነገጠች።

ከዚያ በኋላ ችግኙን ጀመረች። ሾላ ገበያ ወርዳ ያገለገሉ የዘይት ቆርቆሮዎች እየገዛች ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ዳማከሴ ታፈላለች። የምትኮራው ግን በአርባ የወይራ ችግኞች ነው። ወይራ ከፍሬ ለማብቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሬውን ፈልፍላ፣ ዘፍዝፋ፣ ሦስት ዓመት ጠብቃ እስከ ጉልበቷ አድርሳቸዋለች። አውሮፕላን ከራሷ በላይ እየጮኸ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ይላል፤ እሷ ግን ቅጠሎቹ ሲርገፈገፉ ታያለች እንጂ ቀና ብላ አታውቅም።

ባለፈው የካቲት መንገዱ ሊሰፋ ነውና እስከ መስከረም ቦታውን ልቀቂ ተባለች። ስድስት መቶ ችግኝ ይዞ የት ይኬዳል? እህቷ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘመድ ጠየቀች፣ መስጊድ ጠየቀች፣ ቦታ አልተገኘም። 

አቶ ኣክሊሉ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው፤ ወደ ቡልቡላ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቤት ሠርቶ ከእናቱ ከወይዘሮ አስመረት ጋር ይኖራል። ሸምሲያ የባሕር ጠረፍ አትክልት እንደምታውቅ ከሰው ሰምቶ ነው የፈለጋት። ቤተሰቡ ከትግራይ ነው፤ አባቱ ግን የወደብ ሠራተኛ ስለነበር የተወለደው አሰብ ነው። በሰማንያ ሦስት ሲወጡ ዐሥር ዓመቱ ነበር። ስለ ባሕሩ ሲያወራ ልጅ ይሆናል። ዋናውን፣ ዘንባባውን፣ ማታ ማታ የሚነፍሰውን ነፋስ እያነሣ፣ እናቴ በልቧ እዚያ ናት፣ ሳታየው ትሞታለች አለ።

“ወደ ባሕሩ ልወስዳት አልችልም፤ የባሕሩን ግቢ ግን ላመጣላት እችላለሁ” አላትና ስልኩን አወጣ። ፎቶው ላይ ዘንባባ፣ ነጭ ጠጠር፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ሣር ነበር።

ሸምሲያ ገና ስታየው አፏን ምራቅ ሞላው፤ ሊያስመልሳት ሲል እንደሚሆነው። አይሆንም ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ሌላውን ነገር ተናገረ። ከቤቱ ጀርባ ሠላሳ ካሬ ሜትር የሚሆን ባዶ ጓሮ አለ፤ ቧንቧ አለው፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ግቢውን ሠርታ ንጽሕናውን ከጠበቀች፣ ችግኞቿን እዚያ ልታኖር ትችላለች፤ እሱ እስካለ ድረስ ማንም አያስነሣትም። ሄዳ አየችው። አፈሩን በጣቷ ጨብጣ አሸተተችው። ወይራዎቿ በዚያ አጥር ጥግ ተደርድረው ታዩዋትና እሺ አለች።

ሥራው ሚያዝያና ግንቦትን ፈጀ። ዘንባባዎቹ በጭነት መኪና ከቆላ መጡ። ሸምሲያ አፍና አፍንጫዋን በሻሽዋ አስራ ትሠራለች፤ የሣሩ ማስቲሽ ሽታ ራሷን ያዞራታል። አእምሮዋን ወደ ጓሮው ልካ እጇን ብቻ እዚህ ተወችው፤ እጇም የለመደውን ሠራ። የዘንባባውን መትከያ እንደ ሳሕን አጎደጎደ፤ ሣሩ የሚነጠፍበትን መሬት ዝቅ አድርጎ ዳሩን ከፍ አደረገ፤ ውሃ እንዳያመልጥ።

የቤቱ ዘበኛ በዳሳ የቢሾፍቱ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። ዱላውን ተደግፎ ሲያያት ቆየና፣ “ሸምሲያ፣ ይኼ ጥቁር አፈር መረሬ እኮ ነው። ውሃ ከያዘ አይለቅም” አላት። መቆፈሯን ስትቀጥል ጨመረ፦ “ዘንባባውን በሳሕን ነው እንዴ የምታቀርቢው? ማንኪያ ላምጣ?”

ሰማችው፤ ግን ቀና አላለችም። ቶሎ ጨርሳ ከሽታው መገላገል ብቻ ነበር የፈለገችው። በሕይወቷ ውሃ እንዳይጠፋ እንጂ ውሃ እንዳይበዛ ብላ አስባ አታውቅም፤ የመንገድ ዳር ችግኝ በቆርቆሮ ነው የሚያድገው፣ ቆርቆሮውም ሥሩ ተበስቶለታል። አርሶ የሚበላ ሰው የሚያውቀውን እሷ አላወቀችም።

ግቢው ያለቀ ቀን አቶ ኣክሊሉ እናቱን ደግፎ አወጣቸው። ወይዘሮ አስመረት ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሹሩባቸው እንደ ጥጥ ክር ነጭ ነው። ዘንባባውን አዩ፤ ጠጠሩን አዩ፤ ሣሩን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። “ተባረክ፣ ወደይ” አሉት በትግርኛቸው ልጄ ሲሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳቡት። ልጁ ያለቀሱ መስሎት የሱም ዓይን እንባ አቀረረ። ሸምሲያ ግን ነጠላው ዓይናቸው ጋ እንዳልደረሰ አየች። ደስ ያላት ሴት አፍንጫዋን አትሸፍንም። ይህን በልቧ ያዘችው።

ቶሚ የሚባል ቡናማ ውሻ አላቸው። ቶሚ በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ድንጋዩም አጥሩም እያለለት፣ ሣሩን መረጠ። ያውም በወይዘሮ አስመረት መኝታ ቤት መስኮት ሥር ያለውን። በዳሳ ቢያባርረው ዞሮ ይመጣል፤ እግሩን አንሥቶ በዳሳን ዓይን ዓይኑን እያየ ይሸናል።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ወረደ፤ መረሬው አበጠ፤ ሳሕኖቹ ሞሉ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ከሣሩ ሥር ገብቶ ተኛ። ሣሩ ሲረገጥ እንደ ረጠበ ፍራሽ ይሰምጥና በጫማ ዙሪያ ቡናማ አረፋ ያወጣል። ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ሽታው ይነሣል። የውሻ ሽንት አለበት፣ የበሰበሰ ሥር አለበት፣ የሞቀ ፕላስቲክ አለበት። ወጥ ቤት ድረስ ይገባል። የቤቱ ሠራተኛ ሄኒ ወተት ውስጥ ሁሉ ገብቷል ብላ ወተት መጠጣት አቆመች። ከዘንባባዎቹ ሁለቱ ከመሐላቸው ጠቁረው፣ ቅጠላቸው ሲሳብ እንደ በሰበሰ ጥርስ ያለ ሕመም ወለቀ።

አቶ ኣክሊሉ ተጨነቀ። እናቱ መስኮታቸውን ዘግተው ነው የሚውሉት፤ እሱ ብርድ ፈርተው መስሎታል። ሸምሲያን አስጠርቶ በየጠዋቱ በደንብ ይፈግፈግ አላት፤ ስምምነታቸው ንጽሕናውንም እንደሚጨምር አስታወሳት። ክፉ አላለም። አንድ ካርቶን አቼቶና ሁለት ብሩሽ ገዝቶ ጠበቃት።

በመጀመሪያው ጠዋት ተንበረከከች። ጉልበቷ ያንን እርጥበት ሲነካ ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዳልነበረ ሆነ። አቼቶው ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ያ ሽታ መጣ፤ ያው ራሱ። ቤቷ ገብታ አራት ጊዜ ታጠበች፣ እራቷን ግን መብላት አልቻለችም። በሁለተኛው ጠዋት እያለቀሰች ፈገፈገች። በሦስተኛው ጠዋት ወይዘሮ አስመረት ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸው አፍንጫቸው ላይ ነው።

“እዚያም እንዲህ ነበር የሚሸተው” አሉ።

ሸምሲያ ብሩሿን አቆመች። አሮጊቷም እንደ ምሥጢር፣ በዝግታ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ነገሯት። አሰብ አንሶላ በውሃ ነክረው ውጭ ነበር የሚተኙት፤ ጠዋት አንሶላው ውሃው ደርቆ በላብ ርሶ ይገኛል። ዳቦ በአንድ ቀን ይሻግታል። የአልጋው ብረት ዝጎ አንሶላውን ደም የነካው ያስመስለዋል። በረሮው እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲሄድ ድምፁ ይሰማል። ኣክሊሉ ሕፃን ሳለ ብብቱና አንገቱ በሙቀቱ ቆስሎ መግል ይዞ ነበር፤ እሳቸው ሌሊቱን በሙሉ ተቀምጠው በሰሌን ማራገቢያ ያራግቡለት ነበር፤ ከዚያም በኋላ፣ እስኪያድግ ድረስ፣ ማታ ማታ።

“እሱ ነፋሱን ያስታውሳል” አሉ። “እኔ ያራገብኩለትን ነው የሚያስታውሰው።”

ሸምሲያ ታዲያ ለምን አይነግሩትም ብላ ጠየቀቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን አገር ሲያነሣ ፊቱ ሲበራ እያዩ እንዴት ብለው ይንገሩት? ዝም ማለት ቀላል መስሏቸው ነበር፤ ግቢ ሆኖ እስኪመጣባቸው ድረስ።

“አንቺም እንዳትነግሪው፣ ልጄ። እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ፤ አንቺም ጓሮሽን ታገኛለሽ።”

ሸምሲያ ብሩሿን አንሥታ የጀመረችውን ጨረሰች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ ሳሕኖቹ ሞልተው ፈሰሱ። በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ የሣሩ አንድ ጠርዝ ከማስቲሹ ለቆ ተነሥቷል። ለማስተኛት ስትይዘው ሥሩን አየችው። ጭቃው ከጥቁርም አልፎ አረንጓዴ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ቀጫጭን ነጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። የፍግ ትል ታውቃለች፤ ይህ ግን እሱ አይደለም።  አጥሩ ጥግ ሄዳ አስመለሰች። አፏን ስትጠርግ ቀና አለች፤ የአሮጊቷ መስኮት እንደ ተዘጋ ነው፤ ከመስተዋቱ ጀርባ የነጠላ ጥላ አየች። አንድ ሰው የራሱ ቤት ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ተቀምጧል።

ሣሩን ስታነጥፍ የቆረጠችበትን ከተር አነሣችና ከመስኮቱ ሥር ጀምራ ሣሩን መቅደድ ያዘች። ቀድዳ ትጠቀልላለች፣ ጠቅልላ ትጎትታለች። በዳሳ ሊያስቆማት መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ የአፈር መሸከሚያ ባሬላ አመጣላት።

አቶ ኣክሊሉ ወደ ሥራው ሊሄድ የመኪና ቁልፉን ይዞ ሲወጣ ግማሹ ተነሥቶ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው አላት። ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር።

ሸምሲያ ተነሥታ ቆመች። እጆቿን ከገላዋ አርቃ ይዛቸዋለች። “መሬቱን ያጎደጎድኩት እኔ ነኝ፣ አቶ ኣክሊሉ። እዚያ የለመድኩትን እዚህ ሠራሁት፤ በዳሳ ነግሮኝ አልሰማሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ይኼን ነገር ሁለተኛ ተንበርክኬ አልፈገፍግም። ጓሮውም ይቅርብኝ።”

የምታውቀውን ሁሉ አልተናገረችም። ሌላ ምክንያትም አልጨመረችም። አርባዎቹ ወይራዎች በዓይኗ ላይ ሄዱ፤ አስፓልት ሲለብስባቸው አየችው፤ ቢሆንም የተናገረችውን አላጠፈችም።

ያኔ መስኮቱ ተከፈተ። ክረምቱ ከገባ የተከፈተው ያን ዕለት ነው፤ መዝጊያው አብጦ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተገፋ።

“ተዋት፣ ወደይ” አሉ ወይዘሮ አስመረት። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሰብን አልወደውም ነበር። አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም።”

አቶ ኣክሊሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። “አደይ” አለ እናቴ ሲል፣ “ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?”

“ደስ ብሎህ ስታወራ ነው የማውቀው። ሽታውን ምን ብዬ ልንገርህ?”

 ቶሚ በመካከላቸው አልፎ የቀረውን ሣር አሽትቶ ሄደ። ከዚያ አቶ ኣክሊሉ ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ በዚያ በሚያበራ ጫማው ጭቃው ውስጥ ገብቶ የጥቅሉን ሌላ ጫፍ ያዘ። ሲያነሣው ሽታው ፊቱ ላይ ወጣ። ራሱን ወደ ጎን መልሶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሊያስመልሰው ሲተናነቀው ሸምሲያ አየች። ግን አልለቀቀውም። ተሸክመው እስከ በሩ አወጡት። ስለ ጓሮው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። ታጥባ ሄደች።

ስምንት ቀን ምንም አልሰማችም። ቆርቆሮዎቿን ለጎረቤት ማደል ጀምራ ነበር። ወይራዎቹን ግን ለማንም መስጠት አልሆነላትም፤ አንዱን ለአንዷ ሴት ሰጥታ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ መልሳ ወሰደችው። በዘጠነኛው ቀን በዳሳ በባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ መጣ።

“የጓሮውን በር ቁልፍ ይዤ መጥቻለሁ” አላት። “ጌትዬው አሁንም አኩርፏል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እሱም አያውቀውም። እማማ ናቸው የላኩኝ፤ እሱም ሰምቶ አልከለከለም። ጫኚ እንጂ፣ ምን ታያለሽ?”

ወይራዎቹ በመጀመሪያው ጉዞ ሄዱ። ሸምሲያ በአጥሩ ጥግ ደረደረቻቸው፤ በዚህ ጊዜ መሬቱን ከፍ አድርጋ፣ ሥሩን በገረጋንቲ ጠጠር ደልድላ፣ ውሃው ወደ ቱቦው እንዲወርድ ቦይ አውጥታ። በዳሳ ቆሞ አየና ማንኪያውን መልሼ ላስቀምጠው አላት። የወይዘሮ አስመረት መስኮት ተከፍቷል፤ ከሥሩ ባዶ ጥቁር መሬት ላይ ሰርዶ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል፤ ማንም አልተከለውም።

አርባኛውን አስቀምጣ ቀና ስትል ቶሚ መጣ። የመጀመሪያውን ወይራ ዞሮ አሸተተ፤ እግሩን አነሣ።

“ባለጌ” አለችው፤ ግን አላባረረችውም። ሲሄድ ጎንበስ ብላ አሸተተች። አፈሩ ጠጥቶታል፤ አፈር አፈር ብቻ ይላል። ቢሆንም እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ወደ ቧንቧው ሄደች።